ለእባብ የሚቀርብ አይጥ፦ ከየት፣ ስንት፣ እንዴት?

በከላላና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አይጥ የጎተራ ጠላት ነው፤ እባብ ደግሞ ስሙ ሲነሳ ፊት የሚያስቋጥር ፍጡር። አንዱን አርብቶ ሌላውን መቀለብ ሲባል ለብዙ አንባቢ የሩቅ አገር ቅንጦት ይመስላል፤ በከፊልም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ሺህ ቤቶች ውስጥ እባብ በመስታወት ሣጥን ይኖራል፤ ቀለቡም ከማቀዝቀዣ የሚወጣ አይጥ ነው። ከኢትዮጵያ ደን የወጣው ባለ ጥቁርና ቢጫ ጌጡ የተራራ እፉኝት ሳይቀር በውጭ ስብስቦች ውስጥ በነጭ አይጥ ተቀልቦ ተራብቷል።

ጉዳዩ እኛንም የሚነካ ጎን አለው። የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራው ከእባብ መርዝ ነው። መርዙ የሚታለበው በሕይወት ተይዞ ከሚኖር እባብ ነው፤ ተይዞ የሚኖር እባብ ደግሞ መብላት አለበት። ኢትዮጵያ ማርከሻውን ከውጭ ታስገባለች፤ ወደፊት የራሷን እባቦች ለማለብ ብታስብ መጀመሪያ የሚገጥማት ጥያቄ የቀለብ ጥያቄ ይሆናል።

ስለ እባብ ቀለብ የተጻፈው ሁሉ በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል፦ የትኛው አይጥ፣ በምን መጠን፣ በቁሙ ወይስ ሞቶ። የጋለው ክርክር በሦስተኛው ላይ ነው። ማስረጃው ሲታይ ግን እባቡንም ቀላቢውንም ይበልጥ የሚጎዳው ወይም የሚጠብቀው አራተኛ፣ ብዙ ጊዜ በግርጌ የሚቀር ጥያቄ ነው፦ አይጡ የት ተወለደ፣ ምን በልቶ አደገ?

ከአርዌ እስከ ለንደን

እባብን የመቀለብ ወሬ በእኛ ዘንድ ከአፈ ታሪክ ይጀምራል። አርዌ የተባለው ዘንዶ ንጉሥ ከሕዝቡ ልጃገረድና ከብት እየተገበረለት ሲኖር፣ አጋቦስ መርዝ ያለበት ፍየል አብልቶ ገደለው ይባላል። ትረካው የተነገረው የንግሥናን አመጣጥ ለማስረዳት ነው። በእንስሳት ሐኪም ዓይን ካየነው ግን በቀለብ በኩል ያለፈ መርዝ እባብን ሲገድል የሚያሳይ የመጀመሪያው ትረካችን ነው፤ መርዝ የበላ አይጥ ለእባብ ሲቀርብ የሚነሳውም ጉዳይ ይኸው ነው።

በተመዘገበው ታሪክ መነሻው የለንደን የእንስሳት ማቆያ ነው፤ የዓለም የመጀመሪያው ለተሳቢዎች ብቻ የተሠራ ቤት እዚያ በ1849 ተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እባቦቹ ጥንቸልና ወፍ በቁሙ እየተሰጣቸው በተመልካች ፊት ይቀለቡ ነበር። በቁም እንስሳ መቀለብ ጭካኔ ነው የሚለው ተቃውሞ የተነሳውም በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ዛሬ እንደ አዲስ የሚቀርበው ሙግት መቶ ዓመት ተሻግሯል።

ሁለተኛው መስመር የመርዝ ማርከሻ ቤቶች ናቸው። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ በ1901 የተቋቋመው የቡታንታን ተቋም፣ በቅርባችን ደግሞ በኬንያ ዋታሙ በ1980 የተመሠረተው የባዮ ኬን የእባብ እርሻ የዚህ መስመር ናቸው። በእነዚህ ዘንድ እባብ ለማየት የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም፣ የሚታለብ ሀብት ነው፤ ቀለቡም የሥራው ወጪ ነው። የተመልካቹ ቤት ስለ ትርኢትና ስለ ርኅራኄ ሲጨነቅ የአላቢው ቤት ስለ በሽታና ስለ ወጪ ይጨነቃል። ዛሬም ጸሐፊዎች የማይግባቡት ብዙ ጊዜ ከየትኛው ቤት እንደመጡ ሳይነጋገሩ ስለሚከራከሩ ነው።

ሦስተኛው መስመር ሁለቱን አገልግሏል፤ ይኸውም የላቦራቶሪ አይጥ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አቢ ላትሮፕ የተባለች ሴት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አይጥ እያራባች ለተመራማሪዎች ትሸጥ ነበር። በ1906 በፊላደልፊያ የዊስታር አይጥ ዘር ተጀመረ፤ በ1926 ደግሞ ከስዊዘርላንድ ወደ አሜሪካ የገቡ ጥቂት ነጫጭ አይጦች ዛሬ የስዊስ አይጥ ለሚባለው ዘር መነሻ ሆኑ። የስዊስ ነጭ አይጥ በኢትዮጵያም ለመድኃኒትና ለወባ ምርምር ሲያገለግል የኖረ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም «ፓስተር» በሚለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጭምር። ስለዚህ ንጹሕ አይጥ ማራባት ለአገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም። እንግዳው ያንን ሙያ ለእባብ ማዋል ነው።

አይጥ ሁሉ አንድ አይደለም፣ እባብም ሁሉ አይጥ አይበላም

በመካነ ሰላም አቅራቢያ ያለው፣ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። የቀይ ቀበሮ ኑሮ በአይጥ ላይ የቆመ ነው። ሲሌሮ ዙቢሪና ጎተሊ በባሌ ተራሮች አጥንተው በ1995 ባወጡት ጽሑፍ፣ በዓይነ ምድሩ ውስጥ ከተገኘው ቅሪት 96 በመቶው ቀን ቀን የሚንቀሳቀሱ አይጦች ነበሩ። አይጥ ከነአጥንቱ፣ ከነጉበቱና ከነጸጉሩ ሲበላ ለአንድ አዳኝ ሙሉ ምግብ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምስክር ከአገር ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ቀበሮ ግን እባብ አይደለም፤ ይህ ማስረጃ ስለ አይጡ ምግብነት ይናገራል፣ ስለ እባቡ ፍላጎት ዝም ይላል።

የደጋው አይጥ ራሱ ብዙ ዓይነት ነው። በሣር ሜዳው ላይ በቀን የሚሮጠው የሐበሻ ሣር አይጥ አለ፤ በቁጥቋጦና በደን የሚኖረው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ባለ ነጭ እግሩ አይጥ አለ፤ ከመሬት በታች አፈር የሚቆልለው ፍልፈል አለ። ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ማስቶሚስ የሚባለው ባለ ብዙ ጡት አይጥ ማሳና ጎተራ ይወርራል። በትግራይ ዮናስ መኸረቱና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት፣ አፈር እንዲጠብቅ የሚሠራው የድንጋይ እርከን በበዛበት ማሳ አይጥም እንደሚበዛ አሳይቷል። እርከን ወሎን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ሥራ ስለሆነ ግኝቱ ለዚህ አካባቢ ቅርብ ነው። አይጥ እዚህ ሞልቷል፤ «ለእባብ የሚሆነውስ?» ሲባል ግን መልሱ ይጠባል።

ማስቶሚስ የተለየ ታሪክ አለው። ከአፍሪካ የተወሰደ የዚህ ወገን ዘር በአሜሪካ «የአፍሪካ ለስላሳ ጸጉር አይጥ» ተብሎ ለእባብ ቀለብ በገፍ ይራባል፤ ነጭ አይጥ እምቢ የሚሉ የምዕራብ አፍሪካ ዘንዶዎች እሱን ሲሸቱ ይበላሉ ይባላል። ከ40 እስከ 80 ግራም የሚመዝን፣ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ የሚወልድ በመሆኑ ለአርቢው ምቹ ነው። ያው ወገን በእኛ ገበሬ ዘንድ ተባይ፣ በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ የላሳ ትኩሳት ተሸካሚ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከትውልድ ትውልድ በንጹሕ ሣጥን መራባቱ ነው እንጂ የእንስሳው ዓይነት አይደለም።

እባቦቹ በበኩላቸው አንድ ገበታ የላቸውም። ይህን ማጥራት ካልተቻለ «ለእባብ የትኛው አይጥ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ስሕተት ይሆናል። በኢትዮጵያ ከሚገኙት እባቦች መካከል እንቁላል ብቻ የሚውጥ አለ፤ ቀንድ አውጣና መሰሎቹን ብቻ የሚበላ ትንሽ የደጋ እባብ አለ፤ እንቁራሪት የሚያዘወትርም አለ። አይጥ የሚስማማቸው በዋናነት እፉኝት፣ ዘንዶና በቤት ዙሪያ በሌሊት አይጥ የሚያሳድደው መርዝ አልባው የቤት እባብ ናቸው። የማልኮም ላርገንና የስቲቨን ስፖልስ የ2010 መጽሐፍ የአገሪቱን ተሳቢዎች በዝርዝር ይዟል፤ ከመቀለብ በፊት ዓይነቱን መለየት የሚፈልግ ሰው መነሻው እሱ ነው።

እባብ የሚበላውን የሚመርጠው በአብዛኛው በማሽተት ነው፤ ምላሱን የሚያወጣው ለዚህ ነው። ጎርደን በርግሃርት በ1960ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ተወልደው ምንም ያልቀመሱ እባቦች የወገናቸው ምግብ ሽታ ሲቀርብላቸው ብቻ ምላስ ሲያበዙና ሲያጠቁ ታይተዋል። ምርጫው እንግዲህ ከልምድ በፊት አብሮ የተወለደ ነው። ቀላቢዎች እምቢ ላለ ጨቅላ እባብ የአይጡን ቆዳ በእንሽላሊት ወይም በእንቁራሪት እያሻሹ የሚያቀርቡበት ዘዴ ከዚህ እውቀት ጋር ይገጥማል። ጨቅላ የቤት እባብ በዱር የሚጀምረው ከእንሽላሊት መሆኑ ሲታሰብ ዘዴው ማታለል ሳይሆን መሸጋገሪያ ነው።

መጠንና ዕድሜ

በዚህ ነጥብ ላይ ጠብ ትንሽ ነው። የተለመደው መለኪያ የአይጡ ወፍራም ቦታ ከእባቡ ወገብ እንዳይበልጥ፣ ክብደቱም ከእባቡ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ነው። አዲስ የተወለደ ትንሽ አይጥ ከ1 እስከ 2 ግራም፣ ያደገው ከ20 እስከ 30 ግራም ይመዝናል። ትልቁ የላቦራቶሪ አይጥ ሲወለድ 5 ወይም 6 ግራም፣ ሲያድግ ከ250 ግራም በላይ ነው። ጨቅላ እባብ በሳምንት አንዴ፣ ያደገው በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ ይበላል።

ያልጠራው የጨቅላ አይጥ ጥቅም ነው። በ2002 ዲረንፌልድና ባልደረቦቿ በእንስሳት ማቆያዎች የሚቀርቡ ሙሉ እንስሳትን ይዘት ሰብስበው አውጥተዋል። ጸጉር ያላወጣ አይጥ አብዛኛው ውኃ ነው፤ አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ ካልሲየሙ ካደገው ያንሳል። ያደገው አይጥ ጉበት ደግሞ ቫይታሚን ኤ እጅግ የበዛበት ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው እባብን በጨቅላ አይጥ ብቻ ማቆየት አጥንቱን ይጎዳል ይላሉ፤ ሌሎች ሙሉ እንስሳ እስከሆነ ድረስ ጉድለት አይመጣም ይላሉ። ለእባብ በግራም የተቆረጠ የካልሲየም ፍላጎት መለኪያ ስለሌለ ሁለቱም ወገን ከሌላ እንስሳ በተወሰደ ቁጥር ይሟገታል። ሚዛኑ የሚያደላው እባቡ በአቅሙ ልክ ቶሎ ወደ ጠነከረ አይጥ እንዲሸጋገር ነው።

ከመጠን ይልቅ ሙቀት በወሎ ደጋ የበለጠ ይከብዳል። ሲኮርና ዳይመንድ በ1990ዎቹ ትልቅ ምግብ የዋጠ የእስያ ዘንዶ የሰውነት ኃይል አጠቃቀሙ እስከ 44 እጥፍ እንደሚያድግ ለክተዋል። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ልቡ በሁለት ቀን ውስጥ በ40 በመቶ ይወፍራል አለ፤ በኋላ የሞከሩት ግን ያንን መጠን መልሰው ማግኘት ስላልቻሉ የልቡ ነገር እስካሁን አከራካሪ ነው። ያላከራከረው፣ ይህ ሁሉ የሰውነት ሥራ ሙቀት የሚፈልግ መሆኑ ነው። ዘንዶ 30 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅበት ጥግ ካላገኘ የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል ወይም ይተፋዋል። የመካነ ሰላም የኅዳር ሌሊት ለቆላ እባብ ከማንኛውም የአይጥ ምርጫ በፊት የሚመጣ ችግር ነው። የደጋው ተወላጅ እባብ በምን ሙቀት፣ በስንት ቀን እንደሚፈጭ ግን የተለካ ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

በቁሙ ወይስ ሞቶ

በቁሙ ይቅረብ የሚሉት ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው እባብ አዳኝ ነው፣ ማደኑን ስንነፍገው ተፈጥሮውን እንነፍገዋለን የሚል ነው። ሁለተኛው የሞተ አይጥ እምቢ የሚል እባብ እንዳይራብ የሚል ነው። ተቃራኒዎቹም ሁለት አላቸው፦ አይጡ ይሠቃያል፤ በተጨማሪም በጠባብ ሣጥን ውስጥ የተጨነቀ አይጥ እባቡን ይነክሳል። የመጨረሻው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ጉዳት ነው። ያልራበው እባብ ዘንድ ሌሊቱን የተተወ አይጥ የእባቡን ጀርባ እስከ አከርካሪ ድረስ ሊግጥ ይችላል።

«እባብ የሞተ አይበላም» የሚለው መከራከሪያ በመረጃ ደክሟል። ዲቮልትና ክሮክማል በ2002 የቀደሙትን ጽሑፎች ሲመረምሩ፣ በዱር ያሉ እባቦች በድን መብላታቸው ከሚታሰበው በላይ የተለመደ መሆኑን ደምድመዋል። የእፉኝት ወገኖች አዳኝነትም ለዚህ ያመቻል፤ ነድፈው ይለቁና አይጡ ሄዶ ሲወድቅ ሽታውን ተከትለው ያነሱታል። ስለዚህ ቢያንስ ለእፉኝት የሞተ አይጥ ማግኘት የተፈጥሮው ግማሽ ነው። ማደን ስለመነፈጉ የሚነሳው ክርክር ግን እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም፤ ተይዞ የሚኖር እባብ ማደን ቢቀርበት ምን እንደሚሰማው የሚለካ የተስማሙበት ዘዴ የለም። ሕጎችም በዚህ ይለያያሉ። የስዊዘርላንድ የ2008 የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ሕያው ቀለብን በተወሰነ ሁኔታ ብቻ ይፈቅዳል፤ ብዙ አገሮች ጉዳዩን በስም አይጠቅሱትም።

ሞቶ ይቅረብ ከተባለ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት ይሙት ነው፤ ርኅራኄን መነሻ ያደረገው ወገን የሚፈተነውም እዚህ ነው። በብዛት የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ጋዙ ቀስ ብሎ ካልገባ አይጡን ያስጨንቃል፤ ቀስ ብሎ ሲገባም አይጥ ከጋዙ ለመሸሽ እንደሚሞክር በሙከራ ታይቷል። አዲስ የተወለዱት ደግሞ የኦክስጅን እጥረትን ስለሚቋቋሙ በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት ለጨቅላ አይጥ እስከ 50 ደቂቃ ሊያስፈልግ ይችላል። ለእባብ በብዛት የሚቀርበው ግን ጨቅላው ነው! በሠለጠነ እጅ አንገትን መስበር ፈጣን ነው፤ ባልሠለጠነ እጅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ። አይጡን በሕይወቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ጸጉር ላወጣ እንስሳ ተቀባይነት የለውም።

የአይጡ ትውልድ

እስካሁን የተነሱት ክርክሮች አይጡ ከሣጥኑ በር ላይ ከደረሰ በኋላ የሚነሱ ናቸው። ከዚያ በፊት ያለው ሕይወቱ ግን ይበልጥ ይወስናል።

መጀመሪያ መርዝ። በኢትዮጵያ ማሳ አይጥን ለመግደል ዚንክ ፎስፋይድ ይረጫል፤ በከተማ ገበያ ደግሞ «የአይጥ መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ዓይነት ነው። ሁለቱን መለየት ይገባል። ዚንክ ፎስፋይድ በአይጡ ሆድ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይገድላል፤ በሥጋው ውስጥ እየተጠራቀመ አይቆይም፤ ሆዱ ውስጥ ያልተፈጨው ቀሪ ግን አደገኛ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት እንደ ብሮዲፋኩም ያሉት መርዞች ደግሞ በጉበት ይጠራቀማሉ፤ አይጡም ከበላ በኋላ ለቀናት እየዞረ ስለሚኖር በቀላሉ ይያዛል። ተሳቢዎች ይህን መርዝ ከወፍና ከአጥቢ በተሻለ እንደሚቋቋሙ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ፤ በምዕራብ አውስትራሊያ በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ በፐርዝ ዙሪያ በሞቱ የዱር እባቦች ሰውነት ውስጥ በስፋት አግኝቶታል። መቋቋሙና መሸከሙ እንዴት እንደሚታረቁ ገና አልተፈታም። ከማሳ ወይም ከጎተራ ወጥመድ የተገኘን አይጥ ለእባብ መስጠት የማይመከረው ያ እስኪፈታ ተጠብቆ አይደለም፤ አይጡ ምን እንደበላ ማወቅ ስለማይቻል ነው።

ቀጥሎ በሽታ። በ2003 ከጋና ወደ ቴክሳስ የተጫኑ የዱር አይጦችና መሰሎቻቸው የዝንጀሮ ፈንጣጣን ወደ አሜሪካ አስገቡ፤ በስድስት ግዛቶች 47 የተረጋገጡና የተጠረጠሩ ሕሙማን ተመዘገቡ። አገሪቱ በዚያው ዓመት የአፍሪካ አይጦች እንዳይገቡ ከለከለች። በኢትዮጵያ ደግሞ በ2012 በትግራይ ከተያዘው ባለ ነጭ እግር አይጥ አዲስ የሐንታ ቫይረስ ዓይነት ተለይቶ «ትግራይ ቫይረስ» ተብሏል። ይህ ቫይረስ ሰውን ስለማሳመሙ ማስረጃ የለም፤ አይጡ ግን በደጋው ሁሉ ያለ ዓይነት ነው። የዱር አይጥን በባዶ እጅ ይዞ መግፈፍ፣ አንጀቱን ማውጣት፣ ሽታው እንዲጎላ ጭንቅላቱን መውጋት፣ ለቀላቢው ከእባቡ ንድፊያ የማይተናነስ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ጥገኛ ትሎችም አሉ። በአፍሪካ እፉኝትና ዘንዶ ሳንባ ውስጥ የሚኖረው ባለ ቀለበት ትል ዕድገቱን በአይጥ ውስጥ ያሳልፋል፤ እባብ አይጡን ሲበላ ዑደቱ ይዘጋል። አይጡን ለጥቂት ሳምንት በደንብ ማቀዝቀዝ ይህን ትል ሊገድል ይችላል። ማቀዝቀዣ ሁሉን ያነጻል የሚለው እምነት ግን ልክ አይደለም፤ ሳልሞኔላ ከበረዶው ይተርፋል። በ2010 በአሜሪካ ሰዎች በቀዘቀዘ የቀለብ አይጥ ምክንያት ታመው ምርቱ ከገበያ ተሰብስቧል፤ በብሪታንያም ከ2015 ጀምሮ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተከታትሏል። እባቡ ራሱም ሳልሞኔላ ተሸካሚ ስለሆነ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ጥፋቱ የአይጡ ይሁን የእባቡ ያለ ዘረመል ምርመራ አይለይም።

ንጹሕ እርባታም ዋስትና አይደለም። በ2017 በአሜሪካ በ11 ግዛቶች በቤት ከሚራቡ ትልልቅ አይጦች የሴኡል ቫይረስ ተዛምቶ 17 ሰዎች ተይዘዋል። የእርባታ አይጥ ከዱር አይጥ የሚሻለው ሊመረመር ስለሚችል ነው፤ ያልተመረመረ እርባታ ያንን ብልጫ ያጣል።

ማቀዝቀዣና መብራት

አዘገጃጀቱ ራሱ አጭር ነው። አይጡ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቦታ ይቆያል፤ በዋዜማው ወደ ተራ ፍሪጅ ይወርዳል፤ ሲቀርብ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ 37 ዲግሪ ይሞቃል፤ በረጅም መቆንጠጫ ይሰጣል። አይቀቀልም፣ በማይክሮዌቭም አይሞቅም፤ ውስጡ ሳይሟሟ ውጪው ይበስላልና። የተረፈ ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

በከላላ ይህን አጭር መመሪያ የሚያረዝመው መብራት ነው። ኤሌክትሪክ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት በሚጠፋበት ቦታ የቀዘቀዘ አይጥ ሟሙቶ መልሶ ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ከውጪ ሲታይ ግን ምንም አይለይም። የጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ መፍትሔ አይደለም፤ ከክትባት ሌላ ነገር አይገባበትም። በዚህ ምክንያት ለደጋ ወረዳ ተስማሚው መንገድ ከአውሮፓው የተለየ ይመስለኛል፦ አይጥን በሕይወቱ አርብቶ በዕለቱ ገድሎ ገና ሳይቀዘቅዝ ማቅረብ። ይህ «በቁሙ ወይስ ሞቶ» ለሚለው ክርክር «ሞቶ» ብሎ ይመልሳል፤ ከማቀዝቀዣ ግን ነጻ ያወጣል። ጉድለቱ በማቀዝቀዝ የሚገደሉት ትሎች መትረፋቸው ነው፤ ያ የሚካካሰው እርባታው ከዱር አይጥ ፈጽሞ ሲለይ ብቻ ነው። ከጎተራ የሚመጣ አንድ እንግዳ አይጥ በሽቦው ቀዳዳ ከገባ ልዩነቱ ያበቃል።

ከአይጥ ሌላ አማራጭም ይነሳል። በኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል አለ፤ የአንድ ቀን ጫጩት በብዙ አገር ለእባብ ይቀርባል። ጫጩት ርካሽ ነው፤ ለትልቅ ዘንዶ ይስማማል። ለእፉኝት ብቸኛ ቀለብ ማድረጉን ግን ብዙዎች አይደግፉም፤ ማስረጃቸውም ከላቦራቶሪ ይልቅ ከቀላቢዎች ልምድ የመጣ ነው።

ለአገራችን የቀረው

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ተግባራዊ ትርጉም የሚያገኘው በማርከሻ በኩል ነው። ለአፍሪካ በርካታ እባቦች ይሠራ የነበረው ፋቭ አፍሪክ የተባለው ማርከሻ ምርቱ በ2014 ቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች መዝገብ አስገባ፤ በ2019 ደግሞ እስከ 2030 ሞትና አካል ጉዳትን በግማሽ የመቀነስ ዕቅድ አወጣ። በአማራ ክልል በአብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን ንድፊያ ሲያክሙ ቆይተዋል፤ ከእነዚያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከደጋው የሚወርዱ ናቸው። ማርከሻ ከአካባቢው እባብ መርዝ ጋር ሲገጥም የተሻለ ይሠራል፤ ስለዚህ የአገር እባብ መያዝና ማለብ ሐሳቡ ባዶ አይደለም።

በወረቀት ላይ ብናሰላው፣ 20 ያደጉ እፉኝቶች እያንዳንዳቸው በሦስት ሳምንት አንድ 150 ግራም የሚመዝን አይጥ ቢበሉ በዓመት ወደ 350 አይጥ ይፈጃሉ። አንዲት የትልቁ ዘር እናት በዓመት 40 ያህል ብታሳድግ ዘጠኝ እናቶች ይበቃሉ፤ ለመጠባበቂያ ሲጨመር ደርዘን። ቁጥሩ አያስፈራም፣ ያለው የላቦራቶሪ ሙያም ይበቃዋል። የሚያሳስበው የአይጡ መኖ ነው። ለአይጥ የተመጣጠነ እንክብል መኖ በየገበያው አይገኝም። በእህልና በፋጉሎ እንሥራው ከተባለ ደግሞ የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን አለ፤ በ2016 የታተመ የአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ጥናት በኑግ ፋጉሎ ውስጥ ብዙ አፍላቶክሲን አግኝቷል። የሻገተ ፋጉሎ የበላ አይጥ ጉበቱን ይዞ ወደ እባቡ ይሄዳል፤ ይህ በተሳቢ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያጠናው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ሕጉም የራሱ ክፍተት አለው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 (በእኛ አቆጣጠር) የዱር እንስሳን መያዝ በፈቃድ ያስራል፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ነች። እባቡ በዚህ ሥር ይወድቃል። ለእባቡ ቀለብ ተብሎ የሚራባውና የሚገደለው አይጥ ግን የማን ኃላፊነት ነው? የዱር እንስሳ አይደለም፤ የእርድ ከብት አይደለም፤ ለምርምርም ካልዋለ በላቦራቶሪ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አይቀርብም። የቱ መሥሪያ ቤት ነው እርባታውን የሚመረምረው፣ የቱ ነው ሐንታና ሳልሞኔላን የሚፈትሸው፣ አገዳደሉንስ የሚያጸድቀው? የእባብ ማቆያ ለማቋቋም የሚያስብ ማንኛውም ተቋም፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም የሚያስተምረው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን፣ የመጀመሪያውን እፉኝት ከመያዙ በፊት ይህን የአይጥ ፈቃድ ከማን እንደሚጠይቅ መወሰን ይኖርበታል።